ጨረሩ ሳይሆን ሙቀቱ፦ «ገመድ አልባ ቻርጅ፦ ከምቾቱ ጉዳቱ» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአዳማ በሞባይል ሻጮችና በተጠቃሚዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ የሚነበብ «ገመድ አልባ ቻርጅ፦ ከምቾቱ ጉዳቱ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሚያነሷቸው ዋና ዋና ነጥቦች ስድስት ናቸው። ገመድ አልባ ቻርጅ ኤሌክትሪክን እንደ ሬዲዮ ሞገድ በክፍሉ አየር ውስጥ ይበትናል፤ በዚህም የተነሣ አጠገቡ የሚተኛውን ሰው በጨረር ይጎዳል፤ የስልኩን ባትሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ይገድላል፤ ስልክ ባይቀመጥበትም ቀን ከሌት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ስልክ ሁሉ ይቀበለዋል፤ በመጨረሻም፣ ጸሐፊው እንደ ብቸኛ ጥቅሙ የሚቆጥሩት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስልኩን ከቃጠሎ ያድናል ይላሉ።

እኔ እዚሁ አዳማ በሞባይል ጥገና የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ደንበኞች ይህንኑ ጽሑፍ እያሳዩኝ «እንግዲህ ቻርጀሩን ልጣለው ወይ?» ብለው ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዳቸው በተናጠል ከምመልስ በጽሑፍ ማስፈሩን መርጫለሁ። ጸሐፊው ለአንባቢው ተቆርቁረው እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ከባትሪ ጋር በተያያዘ ያነሡት ስጋትም ከፊሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሰውን የሚያስፈራው ሊፈራ በማይገባው ነገር ሲሆን፣ በእርግጥ ጥንቃቄ የሚያሻውን ነገር ግን በአንድ መስመር ብቻ አልፎታል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ምላሽ ሁሉ ወደዚሁ የሚያመራ ነው።

«ኤሌክትሪኩ ከቻርጀሩ ተነሥቶ በአየር ይሰራጫል» የሚለው አባባል የሌሎቹ ስሕተቶች መነሻ በመሆኑ ከእርሱ እጀምራለሁ። ጸሐፊው ለዚህ በማስረጃነት የሚጠቅሱት የኤሌክትሪክ ፈልሳፊውን ኒኮላ ቴስላን ነው። ቴስላ ኃይልን ያለ ሽቦ ወደ ሩቅ ቦታ የማስተላለፍ ሐሳብ እንደነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በሎንግ አይላንድ ዋርደንክሊፍ በተባለ ስፍራ ለዚህ የሚሆን ግንብ ማሠራት እንደጀመረ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ውጥን ገንዘብ አጥሮት ከዳር ሳይደርስ ቀረ፤ ግንቡም በ1917 ፈረሰ። ዛሬ በስልካችን ጀርባ ያለው አሠራር ከዚያ ውጥን የመጣ ሳይሆን፣ ከዚያ 70 ዓመት ቀደም ብሎ በ1831 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ያሳየውን ኢንዳክሽን መሠረት ያደረገ ነው። ሕጉም ይህ ነው፦ አንድ መግነጢሳዊ መስክ በተለዋወጠ ቁጥር በአጠገቡ ባለ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በየሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ፣ ትራንስፎርመሩ ሁለቱን ጥቅል ሽቦዎች በአንድ የብረት እምብርት ላይ አቀናጅቶ ሲይዝ፣ በገመድ አልባ ቻርጅ ግን አንዱ ጥቅል በቻርጀሩ ውስጥ፣ ሌላው በስልኩ ጀርባ ውስጥ መሆኑና ስልኩ በተነሣ ቁጥር ሁለቱ መለያየታቸው ነው።

ሂደቱን ደረጃ በደረጃ ብናየው እንዲህ ነው። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው። የቻርጀሩ ራስ ይህንን ወደ 5 ወይም ወደ 9 ቮልት ዝቅ አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ያደርገዋል። ስልኩ የሚቀመጥበት ክቡ ዋየርለስ ቻርጀር ደግሞ መልሶ በሰከንድ ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ጊዜ ገደማ እንዲመላለስ አድርጎ በራሱ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ማግኔት ባላቸው አዲሶቹ ቻርጀሮች ይህ ቁጥር 360 ሺህ ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት የሚለዋወጠው መግነጢሳዊ መስክ የስልኩን ጥቅል ሽቦ ሲያገኘው በዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ስልኩም ያንን እንደገና በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ አድርጎ ለባትሪው በሚስማማ መጠን ያቀርበዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የአንድ ዋየርለስ ቻርጀር ክዳን ሲከፈት አብዛኛውን ቦታ ይዞ የሚታየው ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ከላይ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ጫፉን ፈልቀቅ ሲያደርጉት እያንዳንዳቸው በቫርኒሽ የተለበጡ፣ ከጸጉር የቀጠኑ ብዙ ሽቦዎች አብረው የተገመዱበት ነው፤ ምክንያቱም በዚህን ያህል ፍጥነት የሚመላለስ ኤሌክትሪክ የሽቦውን ገጽታ ብቻ ተከትሎ ስለሚፈስ፣ ወፍራም አንድ ሽቦ ቢሆን ውስጡ ያለ ጥቅም ይቀራል። ከሽቦው ሥር ጥቁር፣ እንደ ሸክላ ተሰባሪ የሆነ የፌራይት ሰሌዳ አለ። ይህ ሰሌዳ መግነጢሳዊ መስኩ ወደ ታች እንዳይባክንና ወደ ስልኩ እንዲያተኩር ያደርጋል። በስልኩም በኩል ተመሳሳይ አለ፦ ጥቅል ሽቦው ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ስስ ሲሆን፣ ከበስተኋላው መስኩ ወደ ባትሪውና ወደ ቦርዱ እንዳያልፍ የሚጋርድ ጥቁር ስስ ሽፋን ተለጥፏል። የኋላ መስታወት በሚቀየርበት ጊዜ ይህ ሽፋን ተቀዶ ወይም ጭራሽ ተረስቶ የሚቀርበት ስልክ ያጋጥመናል። ባለቤቱም ከጥገናው በኋላ ስልኩ በገመድ አልባ ቻርጅ ላይ ሲሆን ከወትሮው በላይ መጋሉን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። መስታወት የሚያስቀይር ሰው ሽፋኑ በቦታው መመለሱን መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ጸሐፊው «ክፍሉን ይሞላል» ያሉት መስክ ምን ያህል እንደሚርቅ ማንም ሰው በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። በስልኩና በቻርጀሩ መካከል አንድ ቀጭን ደብተር ያስገባ፤ ከዚያም ቅጠሉን እያበዛ ይሂድ። ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ሲጠጋ የቻርጅ ምልክቱ ይጠፋል። ከአንድ ደብተር ማለፍ የተሳነው ነገር አልጋ ላይ የተኛን ሰው ለመድረስ ክፍሉን ያቋርጣል ማለት ውሃ አያነሳም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም የጨረሩ ጉዳይ፣ በዚሁ አብዛኛው ተመልሷል፤ ነገር ግን በርካታ እናቶችን ያስጨነቀ በመሆኑ በደምሳሳው ላልፈው አልሻም። በሰከንድ 150 ሺህ ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ አንቴና ኃይልን በሚገባ ወደ አየር ለመርጨት ከሞገዱ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ መጠን ሊኖረው ይገባል፤ በቻርጀሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ግን ስፋቱ ከ4 እና ከ5 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አብዛኛው ኃይል ተረጭቶ የሚሄድ ሳይሆን በጥቅሉ ዙሪያ ታጥሮ የሚቀር መስክ ነው። ይህ መስክ ከጥቅሉ ራቅ ባሉ ቁጥር በእጅጉ ይዳከማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ፣ ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ይህ እንደ ኤክስሬይ ከአተሞች ኤሌክትሮን የመንቀል አቅም ያለው ጨረር አይደለም፤ በሞገዱ የሚጓዘው የኃይል ቅንጣት ከመብራት ብርሃን ቅንጣት እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጨረር ሰውን ለመጠበቅ የቆመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ በዚህ የድግግሞሽ ክልል ለተራው ሕዝብ ያስቀመጠው የማመሳከሪያ ወሰን 27 ማይክሮ ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ ቻርጀር የሚሠሩ ኩባንያዎችም ምርታቸውን የሚፈትሹት እንዲህ ያሉ ወሰኖችን መሠረት አድርገው ነው።

የሚያሳዝነው ግን ጸሐፊው ሁሉንም ሰው ሲያስፈሩ በእርግጥ መጠንቀቅ የሚገባቸውን ሰዎች ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ነው። በደረታቸው ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎች ማግኔት ያለውን ስልክና ቻርጀር ከደረታቸው ሊያርቁ ይገባል። መሣሪያው ማግኔት ሲጠጋው የአሠራር ሁኔታውን እንዲቀይር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ በደረት ኪስ የተያዘ ስልክ ሊያስተው ይችላል። አፕል ለራሱ ስልኮችና ማግሴፍ ለተባሉት ባለ ማግኔት ቻርጀሮቹ የሰጠው ምክር ከ15 ሴንቲሜትር በላይ፣ ስልኩ በገመድ አልባ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ እንዲርቁ የሚል ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላቸው አባት ወይም እናት ያሉት ቤተሰብ ይህንን ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገርበት መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ጸሐፊው «ዋየርለስ ቻርጀር ባትሪን በአንድ ዓመት ይገድላል» ካሉ በኋላ ለዚህ የሰጡት ምክንያት «ስልኩን ባነሡና በመለሱ ቁጥር እንደ አንድ ሙሉ ቻርጅ ይቆጠራል» የሚል ነው። ምክንያቱ ስሕተት ነው። የሊቲየም ባትሪ ዕድሜ የሚቆጠረው ስልኩ ስንት ጊዜ ቻርጅ ላይ ተቀመጠ ተብሎ ሳይሆን፣ በድምሩ ስንት ሙሉ ባትሪ የሚያህል ኃይል ገብቶ ወጣ ተብሎ ነው። ዛሬ 50 በመቶ፣ ነገም 50 በመቶ የሞላ ሰው የተጠቀመው አንድ ዙር ነው፤ በመካከል ስልኩን ዐሥር ጊዜ ቢያነሣው ይህ አይለወጥም። እንዲያውም ጥቂት በጥቂት መሙላት ባትሪውን እስከ ዜሮ አድርቆ እስከ መቶ ከመሙላት ይሻለዋል።

ነገር ግን ምክንያቱ ተሳሳተ ማለት ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ባትሪን በእርግጥ የሚያስረጀው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም ከሙሉ ቻርጅ ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ ይጨምራል። በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል በጋለ ቁጥር ጎን ለጎን የማይፈለጉ ለውጦች ይፋጠናሉ፤ ባትሪውም ከቀን ወደ ቀን መያዝ የሚችለው መጠን ይቀንሳል። አፕል ለስልኮቹ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በአዳማ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ ስልኩ ገና ቻርጅ ሳይጀምር ወደዚህ ከፍተኛ ወሰን ተጠግቷል። ገመድ አልባ ቻርጅ በዚህ ላይ የራሱን ሙቀት ይጨምራል፤ የሚጨምረውም ቀደም ሲል እንዳልኩት በየደረጃው በሚባክነው ኃይል ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሙቀቱ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ የስልኩ ጥቅል ሽቦ መሆኑ ነው፤ ይህም የሚገኘው በባትሪው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነው። በገመድ ቻርጅ ሲደረግ ይህ ሁሉ ደረጃ የለም።

የሙቀቱን መጠን ከምንም ነገር በላይ የሚወስነው ሁለቱ ጥቅሎች ፊት ለፊት መግጠማቸው ነው። ምጣድ ከጉልቻው ዘንበል ብሎ ሲጣድ እሳቱ በጎን እየወጣ ጭስና ሙቀት ብቻ እንደሚያተርፍ ሁሉ፣ ስልኩም ከመካከሉ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ቻርጀሩ የሚያመነጨው መስክ ጥቂቱ ብቻ የስልኩን ጥቅል ያገኛል። ስልኩም የሚደርሰው ኃይል ስላነሰው ቻርጀሩን «ጨምር» ይለዋል፤ ቻርጀሩም ይጨምራል፤ ትርፉም በሁለቱም በኩል ሙቀት ይሆናል። ማታ መካከሉን ሳያዩ ወርውረውት ተኝተው ጠዋት ስልኩ ሲግል፣ ባትሪውም 60 በመቶ ላይ ቆሞ የሚያገኙት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያጋጠማቸው ይህ ነው። ማግኔት ያላቸው ቻርጀሮች የመጡትም ይህንኑ ለመፍታት ነው፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይፎን 12 ጋር ማግሴፍን አወጣ፤ ዋየርለስ ፓወር ኮንሰርቲየም የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር ደግሞ በ2023 «ቺ 2» በሚል ስም ይህንኑ የማግኔት ቀለበት ለሌሎችም ስልኮች መለኪያ አደረገው። ማግኔቱ ኃይል አያስተላልፍም፤ ሥራው ሁለቱን ጥቅሎች መካከል ለመካከል አግጥሞ መያዝ ብቻ ነው።

ከላይ ስልኩ ቻርጀሩን «ጨምር» ይለዋል ያልኩት ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ በእርግጥም ይነጋገራሉ። ጸሐፊው ቻርጀሩን «ዓይኑን ጨፍኖ ኃይል የሚረጭ» ሲሉ መግለጻቸው ከእውነት የራቀው እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሥርቶ በ2010 ካወጣው «ቺ» ከተባለው የመጀመሪያው የገመድ አልባ ቻርጅ መለኪያ ጀምሮ፣ ቻርጀሩ በየጊዜው አጭር የሙከራ ምት እየላከ የሚቀበለው ስልክ መኖሩን ይፈትሻል። ስልክ ከተቀመጠበት፣ ስልኩ በዚያው መግነጢሳዊ መስክ ላይ የራሱን ጫና ከፍ ዝቅ እያደረገ በሰከንድ 2 ሺህ ቢት ገደማ በሆነ ዝግ ያለ ፍጥነት መልእክት ይልካል፦ መጀመሪያ ማንነቱን፣ ቀጥሎ የሚፈልገውን መጠን፣ ከዚያም በየሰከንዱ ደጋግሞ «ጨምር» ወይም «ቀንስ» የሚለውን። መልእክቱ ከተቋረጠ ቻርጀሩ ኃይሉን ያቆማል። ባትሪው ሲሞላ ወይም ሲግል «አቁም» የሚል መልእክት የሚልከውም ስልኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ስልክን ሌሊቱን ሙሉ በዋየርለስ ቻርጀር ላይ መተው ባትሪውን ከመጠን በላይ አይሞላውም፤ ይልቁንም እየጋለ መቶ ላይ ለሰዓታት መቆየቱ ነው የሚጎዳው። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች 80 በመቶ ላይ እንዲቆሙ የሚያደርግ ምርጫ በባትሪ ማስተካከያቸው ውስጥ ስላላቸው እርሱን ማብራት ይጠቅማል።

በዚሁ ንግግር ውስጥ ጸሐፊው ያልጠቀሱት ትልቅ የደኅንነት ሥራ አለ። ስልኩ ምን ያህል ኃይል እንደደረሰው ለቻርጀሩ ያሳውቃል፤ ቻርጀሩም ከላከው ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከሚገባው በላይ ከሆነ በመካከል አንድ ብረት ገብቶ ኃይሉን እየበላ ነው ማለት ስለሆነ ያቋርጣል። በሚለዋወጥ መስክ ውስጥ የገባ ብረት በውስጡ የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ ስለሚፈጠርበት ይግላል፤ የስልኮች ጀርባ ከብረት ወደ መስታወት ወይም ወደ ፕላስቲክ የተመለሰበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ በከተማችን በጣም የተለመደ አንድ ነገርን ይነካል። የባጃጅና የታክሲ ሾፌሮች ስልካቸውን በማግኔት መያዣ ላይ ለመስቀል በስልኩ ከቨር ውስጥ ወይም ጀርባ ላይ ቀጭን የብረት ቁራጭ ይለጥፋሉ። ያ ብረት ተለጥፎ ሳለ ዋየርለስ ቻርጀር ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ጥሩ ቻርጀር ከሆነ እምቢ ይላል፤ ርካሽና ይህንን ፍተሻ በቅጡ የማያደርግ ከሆነ ግን ብረቱ ከቨሩን እስኪያቀልጥ ሊግል ይችላል። በከቨር ውስጥ የሚቀመጥ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የባንክ ካርድም እንዲሁ ነው፤ ካርዱ በተለይ መግነጢሳዊ መስመሩ ወይም ቺፑ ሊበላሽ ይችላል። ስለ ጨረሩ የጻፉበትን ገጽ ለዚህ ቢያውሉት ኖሮ ጽሑፉ ብዙ ሰው በጠቀመ ነበር።

አራተኛው ነጥብ የኤሌክትሪክ ብክነት ነው። ጸሐፊው የአዳማ ቤቶች ሁሉ ዋየርለስ ቻርጀር ቢሰኩ «የከተማችን የነፋስ ኃይል ሁሉ ባዶ ቻርጀር ሲያሞቅ ይውላል» ብለዋል። ሒሳቡን እንሥራው። ስልክ ያልተቀመጠበት ደኅና ዋየርለስ ቻርጀር የሚወስደው ከአንድ ዋት በታች ነው፤ 0.3 ዋት እንበልና በከተማዋ 100 ሺህ ቻርጀር ቀን ከሌት ተሰክቷል ብለን እናስብ። ድምሩ 30 ኪሎ ዋት ነው። ከነፋስ ኃይል ማመንጫዎቻችን አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ነው። ነፋሱ ቀዝቅዞ አንዲት ተርባይን ከአቅሟ ሩቡን ብቻ ብታመርት እንኳ 100 ሺሁ ባዶ ቻርጀር የሚወስደው ከእርሷ ምርት ከመቶ 8 እጅ ያህሉን ነው። ሁሉም ተርባይኖች ቀርተው አንዷ እንኳ አታልቅም።

ስልክ ሲቀመጥበት የሚባክነው ግን ከዚህ ይልቃል። 5 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። በእኔ ግምት ይህንን በገመድ ለመሙላት ከሶኬቱ 24 ዋት ሰዓት ቢወጣ፣ በገመድ አልባ 33 ዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል። በየቀኑ ለአንድ ዓመት ቢደረግ ልዩነቱ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ከግማሽ አይሞላም፤ በመብራት ክፍያ ላይ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው መብራት በሚጠፋበት ቀን ነው። ገመድ አልባ ቻርጅ ያለው 10 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ያለው ሰው በገመድ ቢጠቀም ያንን ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላበታል፤ ስልኩን ላዩ ላይ አስቀምጦ ቢጠቀም ግን ከአንድ ጊዜ ብዙም አያልፍም። መብራት መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ምሽት ገመዱን መጠቀም ነው የሚገባው።

«በቅርብ ዓመታት የተሠራ ስልክ ሁሉ ይቀበላል» የሚለው አምስተኛው ነጥብ ሰዎችን ላልተፈለገ ወጪ ስለዳረገ በአጭሩ ላርመው። አይፎን ከ2017ቱ አይፎን 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ደግሞ በጋላክሲ ኤስ ተከታታይ ከ2015ቱ ኤስ 6 ጀምሮ ይቀበላሉ። በገበያችን በብዛት የሚሸጡት የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልኮች ግን አይቀበሉም፤ ከቴክኖና ከኢንፊኒክስም እንደ ኢንፊኒክስ ኖት 40 ያሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር አብዛኞቹ በጥቅል ሽቦ አልተሠሩም። በቻርጀሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው 15 ዋትም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መጠኑን የሚወስነው ስልኩ ሊቀበል የተስማማበት ነው፤ አይፎን ማግኔት በሌለው ተራ ቻርጀር ላይ ከ7.5 ዋት አይበልጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሰካበት የቻርጀር ራስ 5 ቮልትና 2 አምፒር፣ ማለትም 10 ዋት፣ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከዚያ ውስጥ 15 ዋት ሊወጣ አይችልም። ዋየርለስ ቻርጀር የሚገዛ ሰው የራሱ ስልክ መቀበሉን በስልኩ ሞዴል ማረጋገጥ፣ ቢቻልም ስልኩን ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ማየት አለበት።

ለመጨረሻው ነጥብ፣ ማለትም መብራት ሲመለስ ስልኩን ከቃጠሎ ያድናል ለሚለው፣ ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ። ስልኩና ቻርጀሩ በሽቦ ስለማይገናኙ፣ የቻርጀሩ ራስ ተበላሽቶ ከሚገባው በላይ ቮልት ቢለቅ በመጀመሪያ የሚቃጠለው ዋየርለስ ቻርጀሩ ነው፤ ስልኩ የመትረፍ ዕድሉ ከገመዱ ይልቅ የሰፋ ነው። አቧራና ንፋስ ለበዛባት ለአዳማ ደግሞ ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ጥቅም አለ። ለጥገና ከሚመጡልን ስልኮች ብዙዎቹ የቻርጅ መሰኪያቸው በአቧራ የተደፈነ ወይም በመሰካትና በመንቀል ብዛት የላላ ነው፤ ዋየርለስ ቻርጀር የሚጠቀም ሰው መሰኪያውን በእርግጥ ያሳርፋል። መሰኪያው የተበላሸ ስልክም እስኪጠገን ድረስ በዚህ መንገድ መቆየት ይችላል።

ይሁን እንጂ «ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ቢመጣም ሳትነቅሉ ስልኩን ላዩ ላይ ተዉት» የሚለው ምክር ከጽሑፉ ሁሉ በፍጥነት ሊታረም የሚገባው ነው። መብራት ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመጣው ቮልት ተቀባዩ ስልኩ ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተሰካው የቻርጀር ራስ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለገመዱም ለገመድ አልባውም አንድ ነው። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪኩን የሚያለሰልስ ክፍል (ካፓሲተር) ሊፈነዳ፣ ቦርዱም ሊቃጠል ይችላል፤ በገበያ ላይ ያለው ርካሽ ራስ ከውስጡ ፊውዝ እንኳ የጎደለው ሆኖ ተከፍቶ አይቻለሁ። ስልኩ ቢተርፍ እንኳ ከፍራሽና ከመጋረጃ አጠገብ ያለ የሚነድ ፕላስቲክ ቤቱን ያሰጋል። መብራት ሲጠፋ የቻርጀሩን ራስ ከሶኬቱ ወይም ከዲቫይደሩ መንቀል፣ ሲመለስም ለጥቂት ደቂቃ መርጋቱን አይቶ መሰካት ነው የሚበጀው፤ ጸሐፊው ቢያንስ ይህንን አንቀጽ አርመው ጽሑፉን መልሰው እንዲያሠራጩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።